«ሬዞሉሽን» እና «ጥራት» አንድ ናቸውን?

ቃል ለቃሚ፦
ቴሌቪዥን ልገዛ ገብቼ ሻጩ «ያኛው ጥራቱ 1080 ነው፤ ይኼ ግን 4ኬ ስለሆነ ይበልጣል» አለኝ። አራት ከሺህ ሰማንያ መብለጡ ግራ አጋባኝ። ለመሆኑ «ጥራት» የሚለው ቃል የእንግሊዝኛውን «ሬዞሉሽን» ይተካልን?

የሸማኔ ልጅ፦
ሻጩ አልዋሸም፤ ቆጠራው ነው የተለያየው። የቴሌቪዥን ምስል ከነጥቦች የተሠራ ሸማ ነው በል። 1080 ማጉን ማለትም ከላይ እስከ ታች የተደረደሩትን መስመሮች ይቆጥራል። 4ኬ ደግሞ ድሩን፣ ከግራ ወደ ቀኝ ያሉትን ነጥቦች፤ እነሱም 3840 ናቸው። «ኬ» ሺህ ስለሆነ ወደ 4 ሺህ አስጠግተው ጠሩት። የሲኒማ ቤቱ 4ኬ እንኳ 4096 ይደርሳል። ድርና ማጉን ስታባዛ 1920 በ1080 የሆነው 2,073,600 ነጥብ ሲኖረው፣ 3840 በ2160 የሆነው 8,294,400 አለው፤ ልክ አራት እጥፍ።

«ጥራት» የሚለውን ግን አልወደውም። ውኃ ይጠራል፣ ሰማይ ይጠራል፤ ነጥብ ስለበዛ ብቻ ምስል አይጠራም። በደካማ ኢንተርኔት ተጨምቆ የመጣ 4ኬ ቪዲዮ በደንብ ከተላለፈ 1080 ይልቅ ደፍርሶ ይታያል። የድሮ የሠርግ ካሴትም በአዲሱ ቴሌቪዥን ሲታይ የሙሽራዋ ጥልፍ አይጨመርበትም፤ መሣሪያው በመሃል ያለውን ነጥብ ገምቶ ይሞላዋል እንጂ። እኔ «የነጥብ ብዛት» እላለሁ።

እማማ ፍቺ፦
ልጄ፣ «ብዛት» ያልከው ለቴሌቪዥን ይበቃል፤ ለቃሉ ግን ያንሰዋል። የ«ሬዞሉሽን» ሥሩ ላቲን ነው፤ መፍታት ማለት ነው። የእኛም «ፈታ» ቋጠሮን፣ እንቆቅልሽን፣ ሕልምን፣ እስረኛን፣ ትዳርን ሳይቀር ይፈታል። በከዋክብት መመልከቻ በኩል አንድ የመሰሉ ሁለት ከዋክብት ተለያይተው ሲታዩ፣ ፈረንጆቹ መሣሪያው «ፈታቸው» ይላሉ። ስለዚህ ዋናው ነገር ተጠጋግተው ያሉ ሁለት ነገሮችን ለይቶ ማሳየት ነው። የተባበሩት መንግሥታት «ሬዞሉሽን» ግን ሌላ ነው፤ እሱን «የውሳኔ ሐሳብ» ብለን ጨርሰናል።

ቃል ለቃሚ፦
እናቴ፣ እንግዲያው ከ«ፈታ» አንድ ስም እናውጣለት? «ፍታት» ቢባልስ?

እማማ ፍቺ፦
ፍታት ለሞተ ነው! ገና ሳትገዛው ልትቀብረው? «የመለየት አቅም» በለው።

የሸማኔ ልጅ፦
ሻጩ ዘንድ ሄደህ «የመለየት አቅሙ ስንት ነው?» ብትለው ግን መነጽር ቤት ይልክሃል።