ክርክር፦ ልብስ ስንሰጥ የልጆቹ ስም ይጠራ ወይስ አይጠራ?

ተማሪዋ (11ኛ ክፍል)፦
ሰላም የሰፈሬ ሰዎች። የትምህርት ቤታችን የበጎ አድራጎት ክበብ ጸሐፊ መሆኔን አብዛኞቻችሁ ታውቃላችሁ። ከጥቅምት ጀምረን ልብስ ስንሰበስብ ቆይተን እስካሁን 14 ማዳበሪያ ሞልተናል። ከገና በፊት፣ ብርዱ ሳያልፍ፣ ለሰፈራችን ልጆች ማዳረስ እንፈልጋለን። ያልተስማማነው አሰጣጡ ላይ ነው። አብዛኛው የክበቡ አባል ጠዋት ሰልፍ ላይ ልጆቹ በስም እየተጠሩ ይቀበሉ፣ ፎቶም ይነሳ ይላል። እኔ አይሆንም ባይ ነኝ። ምክንያቴንም አልደብቅም።

4ኛ ክፍል እያለሁ ሰልፍ ላይ ስሜ ተጠርቶ ሹራብ ተቀብያለሁ። ሰማያዊ፣ ወፍራም፣ አዲስ የሚመስል ሹራብ ነበር። እናቴ ስታየው ከደስታዋ ብዛት አለቀሰች። እኔ ግን አንድም ቀን ለብሼው ትምህርት ቤት አልሄድኩም። ማን እንደሰጠኝና ለምን እንደተሰጠኝ ክፍሉ በሙሉ ያውቃላ። ታኅሣሥን ሙሉ በስስ ዩኒፎርም እየተንቀጠቀጥኩ ተመላለስኩ፤ ሹራቡን የምለብሰው ማታ እቤት ስገባ ነበር። እስቲ እናንተ ምን ትላላችሁ?

ቲቸር (የክበቡ አማካሪ)፦
ልጄ፣ ይህን ነግረሽኝ አታውቂም። ከልቤ አዝኛለሁ። ግን እኔም ያየሁትን ልናገር። የዛሬ ሦስት ዓመት ልክ አንቺ እንደምትይው አድርገን ነበር። ልብሱን ማታ ማታ በየቤቱ ይዘን ዞርን፣ ስም አልጠራን፣ ፎቶ አላነሳን። ሳምንት ሳይሞላ «ልብሱ መርካቶ ወርዶ ተሸጠ» የሚል ወሬ ተነሳ። አንድም ካናቴራ አልተሸጠም። ነገር ግን ወላጆች ሲጠይቁን የምናሳየው ነገር አልነበረንም። በዓመቱ ስንሰበስብ ሁለት ማዳበሪያ መሙላት አቃተን። ያን ዓመት ሳይለብሱ የቀሩት ልጆች በፎቶ ያፈሩ ልጆች አይደሉም፤ ሰጪው ስላላመነን የቀረባቸው ናቸው። ሰው ያላየውን አያምንም። ለዚህ መልስ ካላችሁ ስጡኝና ፎቶውን እኔው ራሴ አስቀረዋለሁ።

የሕግ ተማሪ፦
ሕጉ የሚለውን ላስቀምጥ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 27 የማንም ሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛ፣ እንዳይሸጥ ይከለክላል። ልጅ ከሆነ ፈቃዱን መስጠት ያለበት ወላጅ ወይም አሳዳጊ ነው። «ወላጆቻቸውን እናስፈርማለን» ልትሉ ትችላላችሁ። ግን ሹራቡ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ፣ ልጇ አጠገቧ ቆሞ እየጠበቀ፣ «ፎቶው ይቅርብኝ» የምትል እናት ማን ናት? ይህን ፈቃድ ብሎ መጥራት ይከብደኛል።

አንድ ነገር ልጨምር። ቁጥር 28 በአደባባይ ለተፈጸመ ነገር ፈቃድ አያስፈልግም የሚል ቀዳዳ አለው። ስለዚህ ርክክቡን የሕዝብ ዝግጅት ስታደርጉት የልጁን ከለላ በራሳችሁ እጅ ነው የምታነሱበት። እዚያ የቆመ ሁሉ በየስልኩ ያነሳል፣ ይለጥፋል፤ ክበቡ ፎቶ አላነሳሁም ቢል የሚለውጠው ነገር የለም።

የወረዳ ሠራተኛ፦
እኔ ከሁላችሁም ለየት ያለ ጥያቄ አለኝ። በአዲስ አበባ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የከተማው አስተዳደር ለመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች ዩኒፎርምና ደብተር በነፃ ይሰጣል፣ ምገባም አለ። ይህ ባለበት ተማሪ ከትምህርቱ ተስተጓጉሎ ማዳበሪያ ተሸክሞ የሚዞረው ለምንድን ነው? የተማሪ ሥራ መማር ነው።

ተማሪዋ፦
ጋሼ፣ ዩኒፎርሙ ትልቅ ነገር ነው፤ ለብሼዋለሁና ጥቅሙን አውቃለሁ። ሁላችንን አንድ ያደርገናል። ግን ዩኒፎርሙ ቅዳሜ ይታጠባል፣ ልጁ ደግሞ ቅዳሜም ይበርደዋል። ትምህርት ቤት ያልገቡ ታናናሾቹም አሉ። የባህል ቀንስ? ክፍሌ ውስጥ የባህል ቀን በመጣ ቁጥር «አያቴ ታማ ነበር» እያለ የሚቀር ልጅ አለ። አያቱ ደህና ናት፣ በየሳምንቱ ገበያ አገኛታለሁ። የሚለብሰው ስለሌለው ነው የሚቀረው። ለእሱ አንድ እጀ ጠባብ ለማግኘት ሁለት ሰዓት ብዞር ከትምህርቴ የሚጎድል አይመስለኝም።

የሦስት ልጆች እናት፦
ስለ ተቀባዩ ብቻ ስታወሩ ስለ ሰጪው ማንም አላነሳም። የኔ ልጅ 6ኛ ክፍል ነው። ባለፈው ወር እያለቀሰ መጣ። ክፍል በክፍል ውድድር አለ፣ እያንዳንዱ ተማሪ ሁለት ሁለት ልብስ ያምጣ ተብሏል፣ ያመጣ ሰው ስሙ ግድግዳ ላይ ይጻፋል። እኔ ቤት ትርፍ ልብስ ከየት ይመጣል? የታላቁ ለመሐለኛው ይወርዳል፣ የመሐለኛው ለትንሹ። ከትንሹ የተረፈው ደህና ከሆነ ልዋጭ ሲመጣ በሳፋ እለውጠዋለሁ፣ ካልሆነ ወለል መወልወያ ነው። ልጄ ስሙ እንዲጻፍለት ብዬ ለክፉ ቀን ያስቀመጥኳትን ፎጣና አንድ ሻሽ ላክሁ። ተቀበሉት።

የተቸገረ ልጅ ለመርዳት ተብሎ ሌላ የተቸገረ ልጅ አንገቱን ይድፋ? በምትሰበስቡበት ክፍል ውስጥ እኮ የምትሰጧቸው ልጆችም አብረው ተቀምጠዋል።

ተማሪዋ፦
እትዬ፣ ይሄ አንድም ቀን አልታየኝም። ሰንጠረዡን በእጄ የሠራሁት እኔ ነኝ። ነገ ጠዋት ደወል ሳይደወል አነሳዋለሁ። ፎጣውንና ሻሹን ፈልጌ እቤትዎ ድረስ አመጣለሁ።

የሦስት ልጆች እናት፦
አይ፣ እሱስ ሄዷል፣ ለአንዷ ይሁናት። ሰንጠረዡን ብቻ አንሺልኝ። ማምጣት የሚፈልግ በር ላይ ሣጥን ይቀመጥለት፣ ማን ምን እንደጨመረ አይታወቅ።

ልብስ ሰፊ (ሽሮ ሜዳ)፦
እኔ ከመጀመሪያው አሮጌ ልብስ መስጠቱን አልወደውም። ሰልባጅ የስንቱን ልብስ ሰፊ እጅ እንዳጠፈ የምናውቀው እኛ ነን። ሩዋንዳ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2016 በሰልባጅ ላይ የነበረውን ቀረጥ በኪሎ ከ20 ሳንቲም ወደ 2 ዶላር ከ50 አሳደገች። አሜሪካ በ2018 የሩዋንዳን አልባሳት ለአፍሪካ አገሮች ከምትሰጠው የቀረጥ ነፃ ዕድል (አጎዋ) አስወጣች፤ እነሱ ግን አልተመለሱም። የገዛ ሕዝባቸው ሰፍቶ እንዲያለብስ ፈልገው ነው። ተማሪዎቹም ገንዘብ አዋጥተው ጣቃ ጨርቅ ይግዙ፣ እኛ እንሰፋለን። ልጁ በልኩ የተሰፋ አዲስ ልብስ ይለብሳል።

ቲቸር፦
ወንድሜ፣ ሐሳብህ ቢሆንልን ደስ ባለኝ። ግን ተማሪ ኪስ ውስጥ ጨርቅ የሚገዛ ገንዘብ የለም፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ያጠረው ሱሪ ግን አለ። ይሄ ከውጭ በቦንዳ የሚገባ ልብስ አይደለም፤ እዚሁ ሰፈር ከአንድ ቤት ወደ ሌላ ቤት የሚሄድ ነው። ይልቅ ያልጠበቅነው ችግር ገጥሞናል። ልብሱን የሚያመጡት የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ልጆች ስለሆኑ የሚመጣው የእነሱ ልክ ነው። የሚበርዳቸው ደግሞ የ1ኛና የ2ኛ ክፍል ሕፃናት ናቸው። ከ14ቱ ማዳበሪያ ለትንንሾቹ የሚሆነው ሁለቱን እንኳ አይሞላም።

ልብስ ሰፊ (ሽሮ ሜዳ)፦
ይህንን መጀመሪያ ብትነግሩኝ! ከትልቅ ሱሪ የትንሽ ልጅ ሱሪ ይወጣል፤ ማሳጠር ብቻ ግን አይበቃም፣ ከጎንና ከጎን ፈቶ ማጥበብ፣ ወገቡን በላስቲክ ማድረግ ነው። እሁድ ከሰዓት ሁለት መኪና ይዘን እንመጣለን፣ እኔና ጓደኛዬ። ዚፕ የወለቀውን፣ ቁልፍ የጎደለውን ለይታችሁ ጠብቁን። ልጃገረዶቹም ወንዶቹም ቁልፍ መትከል ይማሩ፣ ከባድ አይደለም። አደራ፣ ልብሱ ሳይታጠብ እንዳይመጣ። በፈላ ውኃና በኦሞ ተዘፍዝፎ፣ ፀሐይ ላይ ደርቆ፣ ተተኩሶ። እከክ ያለበት ልብስ ለሕፃን ሰጥታችሁ በኋላ እንዳትጸጸቱ። የውስጥ ልብስና ካልሲ ያገለገለ አይሰጥም፣ አዲስ ይገዛ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ (አሜሪካ)፦
እኔ እዚያው ሰፈር ተወልጄ ያደግሁ ነኝ። ወደ አገር በመጣሁ ቁጥር ከሁለቱ 23 23 ኪሎ ሻንጣዎቼ አንዱ የልጆች ልብስ ነው፤ የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች ያዋጡታል። እውነቱን ልናገር፣ ፎቶ ከሚጠይቁት አንዷ እኔ ነበርኩ። የሰጡኝ ሰዎች «ደረሰ ወይ?» ይሉኛል፣ እኔም አሳያቸዋለሁ። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. የኮረም ረሃብተኛ በቢቢሲ ባይታይ ኖሮ ያ ሁሉ እርዳታ ይመጣ ነበር ወይ ብዬም እከራከር ነበር።

የተማሪዋን የሹራብ ታሪክ ካነበብኩ በኋላ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ያ የ1977 ምስል እህል አምጥቷል፣ አልክድም። አሁንም ግን እዚህ አገር ከየት ነሽ ተብዬ ኢትዮጵያ ስል አንዳንድ አረጋዊ ፊታቸው ይለወጣል፤ የሚያዩት ያንን ልጅ ነው። እኔን አይደለም። የረሃቡ ዘመን አልፎ እንኳ ምስሉ አላለፈም። የሰፈሬ ልጅ በ7 ዓመቱ ማዳበሪያ አጠገብ ቆሞ የተነሳው ፎቶ በ27 ዓመቱ ሥራ ሲያመለክት ቢወጣበትስ?

አንድ ነገር ላካፍላችሁ። የመጣሁ ሰሞን ክረምት ነበር፣ ኮት አልነበረኝም። አንዲት የማላውቃት ሴት ወደ አንድ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ወሰደችኝ። ኮቶቹ እንደ ሱቅ ተሰቅለዋል፣ መስታወት አለ፣ ስም የሚጽፍ ሰው የለም። ሦስት ለክቼ አራተኛውን ወሰድኩ፣ ቀይ ነበር። ሰው የሰጠኝ ሳይሆን የመረጥኩት ኮት ነው። እስቲ ልጆቹም ይምረጡ።

የመርካቶው ነጋዴ፦
በእኛ ሃይማኖት ምጽዋትን በግልጽ መስጠትም መልካም ነው፣ ደብቆ ለድሃ መስጠት ግን ይበልጣል ተብሎ ተጽፏል። ስለዚህ ግልጽ መስጠትን ሙሉ በሙሉ አትንቀፉ። ረመዳን ላይ አንዱ ሲሰጥ አይቶ ሌላው ይሰጣል፣ በዓይኔ አይቻለሁ። ግን ልብ በሉ፣ ሰጪው መታየቱ ሌላ፣ ተቀባዩ መታየቱ ሌላ ነው። ነጋዴው ሲሰጥ ፎቶ አንሱት፣ ምንም የለበትም። ልጁን ተዉት።

የእድር ጸሐፊ፦
ቲቸር መልስ ስጡኝ ስላሉ ልሞክር። እናንተ ዘንድ ንብረት ክፍል አለ። የመጣውን ልብስ ቆጥራችሁ በሞዴል 19 ገቢ አድርጉት፣ ሲወጣ በሞዴል 22 ወጪ ይደረግ። ይህን ያህል ሹራብ፣ ይህን ያህል ሱሪ፣ ይህን ያህል ጫማ ተብሎ ቁጥሩ ብቻ በማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጠፍ፣ የልጆቹ ስም ከወላጅ መምህር ኅብረቱ ውጭ አይውጣ። ጠያቂ ሲመጣ ሰነዱ አለ። ችግረኛውን በመለየት በኩል ደግሞ እድራችን ይረዳችኋል፤ ማን ቤት ምን እንደጎደለ እናውቃለን።

ቲቸር፦
የሞዴሉ ነገር እንዴት እንዳልመጣልኝ እኔንም ይገርመኛል፤ ለጠመኔና ለወንበር በየጊዜው የምንፈርምበት ነው። በዚህ ረክቻለሁ። በእድሩ ግን ሙሉ በሙሉ አልስማማም። ከሁሉ የተቸገረው የእድር መዋጮ መክፈል ያቃተው ነው። በየወሩ ቤት የሚቀይር ተከራይ አለ፣ ከክፍለ ሀገር ተፈናቅሎ ላስቲክ ቤት ውስጥ ያለ አለ። የእነሱ ስም በእናንተ መዝገብ ላይ የለም።

የእድር ጸሐፊ፦
ልክ ነዎት። የእኛ መዝገብ አባላቱን ብቻ ነው የሚያውቀው። የክፍል ኃላፊ መምህራን ከእኛ ዝርዝር ላይ ይጨምሩ። ዘወትር ሳይበላ የሚመጣውንና በብርድ የሚንቀጠቀጠውን እነሱ ያዩታል።

ተማሪዋ፦
ዛሬ ክበቡ ተሰብስቦ ነበር። ሰንጠረዡ ተነስቷል። ስም መጥራቱ በድምፅ ብልጫ ቀርቷል፤ የቤተ መጻሕፍቱን አዳራሽ ቅዳሜ እንደ ሱቅ እናዘጋጃለን፣ ልጆቹ ከወላጆቻቸው ጋር በየተራ ገብተው ይመርጣሉ። መስታወት የሚያውሰን እየፈለግን ነው።

አንድ ነገር ግን ቀርቷል። 60 አዲስ የሕፃናት ሹራብ እሰጣለሁ ያሉ ባለ ሱቅ ልጆቹ ከሹራቡ ጋር ፎቶ ካልተነሱ አልሰጥም ብለዋል። እኔ ይቅርብን ብያለሁ። ግማሹ ክበብ ተቆጥቶኛል።

ቲቸር፦
60 ልጅ ነው ልጄ። ለትንንሾቹ ልክ የሚሆን ልብስ እንደሌለን ታውቂያለሽ። ይቅርብን ማለት ለእኔና ለአንቺ ቀላል ነው፤ የሚበርዳቸው እነሱ ናቸው።

ተማሪዋ፦
አውቃለሁ ቲቸር። ለዚህ ነው ዛሬ ምሳ መብላት ያቃተኝ። ግን ያንን ሹራብ ለብሰው ካልወጡ ብርዱ አይቀርላቸውም፤ የእኔ አልቀረልኝም።

የመርካቶው ነጋዴ፦
ሰውየው የሚፈልጉት ስማቸው እንዲታይ ነው፣ የልጆቹ ፊት ምን ያደርግላቸዋል? ሹራቡን ለንብረት ክፍል ሲያስረክቡ፣ ሞዴል 19 ሲፈረምላቸው ፎቶ አንሷቸው። በክብር አንሷቸው፣ ርዕሰ መምህሩም አብረው ይቁሙ። ነጋዴ ነኝ፣ የነጋዴ ልብ አውቃለሁ፤ ፊት ለፊት ሄዶ ያነጋገራቸው ሰው ያለ አይመስለኝም።

ተማሪዋ፦
እውነት ነው፣ በስልክ ብቻ ነው ያወራናቸው። ነገ ከትምህርት በኋላ ሱቃቸው እሄዳለሁ። የሹራቡን ነገር ራሴ እነግራቸዋለሁ፣ 4ኛ ክፍል የነበርኩትን ሁሉ። ቲቸር፣ ብቻዬን ከምሄድ አብረውኝ ቢሄዱ?

ቲቸር፦
10 ሰዓት ላይ በሩ ጋ ጠብቂኝ። የገቢ ደረሰኙን ጥራዝ ይዤ እመጣለሁ።