ጥቆማ፦ በነሐሴ መጨረሻ ከባሕር ዳር ወደ ሰሜን ተራሮች፣ ድንኳን ከየት እንከራይ?

የቀበሌ 14፦
ሰላም ወገን። ሦስት ጓደኛሞች ነን። ፍልሰታ ሲፈታ ወደ ሰሜን ተራሮች ለመውጣት አስበናል። ያለን ደርሶ መልሱን ጨምሮ አራት ቀን ብቻ ነው። ድንኳንና ስሊፒንግ ባግ ከዚሁ ከባሕር ዳር እንከራይ ወይስ ጎንደር ወይም ደባርቅ ስንደርስ? መኪና ይዘን እንሂድ ወይስ በሚኒባስ እየቆራረጥን? በክረምት የሄደ ሰው ካለ ልምዱን ያካፍለን።

ዓባይ ማዶ፦
አሁን ለምን? መስከረም ይጥባና ሂዱ። ሜዳው ቢጫ በቢጫ ይሆናል፣ ሰማዩም ይገለጣል። በነሐሴ እሜት ጎጎ የሚባለው የገደል አፋፍ ላይ ቆማችሁ ከእግራችሁ ሥር ያለውን ገደል እንኳ ላታዩት ትችላላችሁ። እስከዚያው ጢስ ዓባይን እዩት። 30 ኪሎ ሜትር ነው፣ በአንድ ቀን ትመለሳላችሁ። ፏፏቴው እንደ ስሙ የሚጨሰው በክረምት ነው። በበጋ ውኃው ወደ ኃይል ማመንጫው ስለሚዞር ገደሉ ላይ የሚቀረው ትንሽ ነው።

ጅብራ፦
ክረምቱን አትፍሩት። ጅንባር ፏፏቴ በሙሉ ጉልበቱ የሚወርደው አሁን ነው። ተራራው አረንጓዴ ነው፣ ጭላዳዎቹም መንጋ በመንጋ ሆነው ሣሩን ሲነጩ ታገኟቸዋላችሁ። በማለዳ ተነሱና ተጓዙ፣ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ሳይመጣ ካምፕ ግቡ።

ለአራት ቀን እንዲህ ብታደርጉት ይሻላል። በመጀመሪያው ቀን ደባርቅ ገብታችሁ እደሩ። ባሕር ዳር ያለችው 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ የመጀመሪያው ካምፕ ሳንቃበር ደግሞ 3,250 ሜትር ነው። በአንድ ቀን ዘልሎ መውጣት ራስ ያሳምማል። በማግስቱ በመኪና እስከ ቡይት ራስ፣ ከዚያ የገደሉን አፋፍ ይዛችሁ በእግር ሳንቃበር ድረስ። ሦስተኛው ቀን ለጅንባር ይሁን። ግጭ የሚባለው ካምፕ ማደር ካማራችሁ ሌላ ቀን ጨምሩ። ዋልያ ለማየት ከሆነ ጨነቅ ካምፕ ድረስ መዝለቅ ነው። ራስ ዳሸንን በዚህ ጊዜ አትመኙት፣ አራት ቀን አይበቃውም።

ስካውት፣ ማለትም የፓርኩ ጠባቂ፣ ይዞ መሄድ ግዴታ ነው። ደባርቅ ያለው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ይመድብላችኋል። መታወቂያ አትርሱ፣ የኢትዮጵያዊ መግቢያ ከውጭ ዜጋው ያነሰ ነው።

ሽንብጥ፦
ስለ ድንኳኑ እኔ ልናገር። ባለፈው ክረምት ከአንድ አከራይ ወሰድን። ስሙንም ከተማውንም አልጠራም። «ጠብ አይልም» ብሎ ምሎ ነው የሰጠን።

ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ዝናቡ መጣ። ውኃው የገባው በሸራው አይደለም፣ በስፌቱ ነው። ስፌቱን ከውስጥ የሚሸፍነው ቀጭን ፕላስቲክ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተገሽልጦ ተንጠልጥሏል። ጠብታው ክሩን ተከትሎ ይወርድና ጓደኛዬ የተንተራሰው ጃኬት ላይ ያርፋል። ስሊፒንግ ባጉም ውኃውን ጠጥቶ ከበደ። ማብሰያ ጎጆው ውስጥ ከስካውቱ ጋር እሳት ስንሞቅ ነጋልን። ጓደኛዬን የራሱን ብርድ ልብስ ያለበሰው እሱ ነው፣ እግዜር ይስጠው።

ተመልሰን ለአከራዩ ስንነግረው «እናንተ ናችሁ ያበላሻችሁት» ብሎ ማስያዣችንን ቆረጠብን።

ፓፒረስ፦
ማስያዣ ቆረጠ? ስንት?

ሽንብጥ፦
ግማሹን። ብሩ አይደለም የከነከነኝ። «ይኸው ጉዳቱ» ብሎ ያሳየን ያንኑ የተገሸለጠ ስፌት መሆኑ ነው።

ቤዛዊት፦
እኛንም እንደዚሁ አድርገውናል። የኛ ደግሞ ካስማው ጎደለ አሉን። ሲሰጡን ማን ቆጠረው? ዕቃውን ስትረከቡ አከራዩ ፊት ዘርግታችሁ ፎቶ አንሱት። ካስማውን፣ ዘንጉን፣ ስፌቱን፣ ሁሉንም። ቅር የሚለው አከራይ ከሆነ ጥላችሁለት ውጡ።

የገበያ ልጅ፦
ለዚህ እኮ ነው እኔ ሌላ ሰው ዘንድ የማልሄደው። ትልቁ ገበያ ውስጥ ሸራና ላስቲክ የሚሸጡ አንድ አባት አሉ። ድንኳን አያከራዩም። ግን ወፍራሙን ላስቲክ በሜትር ይቆርጡላችኋል። እሱን ከላይ ጣል ካደረጋችሁ የማንም ድንኳን ቢሆን አያሳስብም።

ዓባይ ማዶ፦
ላስቲኩ ተራራ ላይ ተሞክሯል?

የገበያ ልጅ፦
የማድ ቤታችን ጣሪያ ላይ ነው ያለው። እስካሁን ጠብ አላለም።

ፓፒረስ፦
ማድ ቤትና የሳንቃበር ነፋስ አንድ ሆኑ? ላስቲክ ከላይ ሲጣል እኮ ነፋሱ ያርገበግበዋል፣ ካላሰሩት ይዞት ይሄዳል። አየር ስለማያሳልፍም ትንፋሻችሁ ከውስጥ ጤዛ ሆኖ ይወርድባችኋል።

የገበያ ልጅ፦
እሳቸውን ሳታውቂ አትናገሪ። ታማኝ ሰው ናቸው። አለቀ።

ፓፒረስ፦
እኔ ስለ ላስቲኩ ነው ያልኩት፣ እሳቸውን ምን አልኩ?

ጣና ዳር፦
ወገኖቼ፣ በዚህ ዝናብ ሰሜን ድረስ ምን አስኬዳችሁ? ደጃችን ዘጌ አለ። በጀልባ ተሻገሩ፣ በቡናው ጫካ ውስጥ በእግር ሂዱ፣ ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ተሳለሙ። ግድግዳው ላይ ያለው ሥዕል ብቻውን ግማሽ ቀን ያስቀምጣል። ጾሙ ከተፈታ ደግሞ ማታ ሐይቁ ዳር የተጠበሰ ዓሣ አለ። ጠዋት ጠዋት ተሳፈሩ፣ ከሰዓት ነፋስ ሲነሳ ሐይቁ ማዕበል ያበዛል። የሕይወት ማዳኛ ጃኬት የሌለው ጀልባ ላይ አትውጡ።

ፓፒረስ፦
ድንኳን ለጠየቀ ሰው ዓሣ ጠበሳችሁለት። ቀጥሎ ደግሞ የሠርግ አዳራሽ ጠቁሙት።

ጣና ዳር፦
እኅቴ፣ እኔ ለልጆቹ አስቤ ነው። ዝናቡ ቢከፋባቸው ሌላ አማራጭ ይኑራቸው።

የደብረ ታቦር ልጅ፦
ተራራ ከሆነ የፈለጉት ጉና ምን ሆነ? ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፣ ከደብረ ታቦርም ቅርብ ነው። ርብና ጉማራ ከዚያ ተነስተው ነው ጣና የሚገቡት። ጅብራ የሚባለው የደጋ ተክልም አለ፣ ብርዱም አለ። ሰው ሁሉ ሰሜን ሰሜን ይላል፣ ጉናን ዞር ብሎ የሚያየው የለም።

ጅብራ፦
ጉና ጥሩ ነው፣ ግን እንደ ሰሜን የተደራጀ ካምፕና ስካውት አታገኙበትም። ለመጀመሪያ ጊዜ በክረምት ለሚወጣ ሰው ሰሜን ይቀላል።

ወደ ድንኳኑ ልመለስ፣ ልጆቹ መልስ ሳያገኙ ቀሩ። የኔ ሐሳብ ይኸው ነው። ድንኳኑን ከባሕር ዳር ካገኛችሁ ከዚሁ ያዙ፣ ምክንያቱም ግቢያችሁ ውስጥ ትፈትኑታላችሁ። ደባርቅ ደርሳችሁ የተቀበላችሁትን ግን የምትፈትኑት ተራራው ላይ ነው። ትከሉትና ስፌት ስፌቱ ላይ ሁለት ባልዲ ውኃ በቀስታ አፍስሱበት። ሩብ ሰዓት ጠብቁ። ከዚያ ውስጡ ገብታችሁ ስፌቱን በጣታችሁ ዳብሱት። ጣታችሁ ከረጠበ መልሱት።

ውጨኛው ሸራ የውስጡን እንዳይነካ ወጥራችሁ ትከሉ። ሁለቱ ከተነካኩ ደህናውም ድንኳን ያፈሳል። የገበያው ላስቲክ ደግሞ ለላይ ሳይሆን ለታች ይጠቅማችኋል፣ ከወለሉ ሥር አንጥፉት። ከድንኳኑ ጠርዝ ግን ትንሽ አሳጥራችሁ ቁረጡት። ተርፎ ከወጣ የዝናቡን ውኃ ሰብስቦ ከሥራችሁ ይከተዋል። ረባዳ ቦታም አትትከሉ።

ስሊፒንግ ባጉን ጎንደር ወይም ደባርቅ ተከራዩት፣ እዚያ ያሉት የተራራውን ብርድ ያውቁታል። ወፍራም ጋቢ ጨምሩበት። የሌሊት ልብሳችሁን ፌስታል ውስጥ ቋጥሩት፣ ምንም ቢመጣ ቀን አትንኩት። ሌላው ሁሉ ቢረጥብ እሱ ደረቅ ከሆነ ታድራላችሁ። በሶ ያዙ፣ እሳት እምቢ ቢል በቀዝቃዛ ውኃም ይበጠበጣል።

መናኸሪያ፦
የመኪናውን ነገር ማንም አልመለሰም። ለሦስት ሰው ከባሕር ዳር ጀምሮ መኪና መያዝ ብር ማቃጠል ነው። በጠዋት ሚኒባስ ጎንደር፣ ከጎንደር ደግሞ ደባርቅ፣ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከደባርቅ ወደ ፓርኩ ለሚወስደው ኮረኮንች ብቻ ከፍ ያለ መኪና ተከራዩ። የመመለሻውን ቀንና ሰዓት ከሾፌሩ ጋር አስቀድማችሁ ጨርሱ። በክረምት ጭቃው መኪና ይይዛል፣ ስለዚህ በመጨረሻው ቀን በጊዜ ውረዱ።

ከሁሉ በፊት ግን በዋዜማው የመንገዱን ሁኔታ ጠይቁ። ሾፌሮቹን ጠይቁ፣ ደባርቅ ያለውንም ቢሮ ደውሉና ጠይቁ። አትሂዱ ካሏችሁ አትሂዱ። በምሽት አትጓዙ።

የቀበሌ 14፦
ሁላችሁንም እናመሰግናለን። የባልዲው ነገር በጣም ጠቅሞናል። ሽንብጥ፣ የናንተ ድንኳን የተገሸለጠው በር በኩል ነው ወይስ ጣሪያው ላይ? አንድ ያየነው አለ፣ ጥጉ ላይ ትንሽ ተነስቷል። ደግሞ በቅሎ ያስፈልገናል?

ሽንብጥ፦
ጣሪያው ላይ ነው፣ ዘንጉ የሚታጠፍበት ጋ። ጥጉ ከተነሳ ሌላውም ይነሳል። ተዉት።

ጅብራ፦
ሳንቃበር ድረስ መኪና ስለሚገባ በቅሎ አያስፈልጋችሁም። ግጭ ከሄዳችሁ ግን ያስፈልጋል፣ ከነጫኙ ደባርቅ ላይ ተነጋገሩ።

ቤዛዊት፦
የትኛው አከራይ ነው ያያችሁት? በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ የኛው ሰውዬ እንዳይሆን።

የገበያ ልጅ፦
ላስቲኩን ለመግዛት ስትሄዱ እኔ እንደላክኋችሁ ንገሯቸው። ይቀንሱላችኋል።