ኦራሻትስ (ሰርቢያ)፦ የአመፁ ቀንና የሕዝቡ ቁጥር ለምን ይለያያል?

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። በመካከለኛው ሰርቢያ በሹማዲያ አካባቢ፣ ከአራንጄሎቫትስ ከተማ አጠገብ ስላለችው ኦራሻትስ መንደር አጭር ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። ሰርቦች በኦቶማን ቱርክ አገዛዝ ላይ ያነሡት የ1804ቱ አመፅ የተጀመረበትን ቀን አንዱ ፌብሩዋሪ 14፣ ሌላው 15 ይለዋል። የሰርቢያ መንደሮች ሕዝብስ በ1991 እና በ2002 ቆጠራ መካከል እንዲያ የሚያሽቆለቁለው በስደት ነው ወይስ በአቆጣጠር? (ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

መልስ 1
ከቀኑ ልጀምር። ዳሂያ የሚባሉት የጃኒሳሪ (የኦቶማን እግረኛ ጦር) አለቆች የሰርብ ሹማምንትን አንገት መቅላት ሲጀምሩ፣ የተረፉት ማሪቼቪቻ ያሩጋ በተባለው ገደላማ ስፍራ ተሰብስበው ካራጆርጄን መሪያቸው አደረጉ። ዕለቱ የስሬቴንዬ (ጌታ ወደ ቤተ መቅደስ የገባበት) በዓል፣ የሰርብ ቤተ ክርስቲያን በምትከተለው በአሮጌው የጁልያን አቆጣጠር ፌብሩዋሪ 2 ነበር። በዚያ ክፍለ ዘመን የጁልያንና የዛሬው የግሪጎሪያን አቆጣጠር ልዩነት 12 ቀን ስለነበር 14 ይሆናል። ከ1900 ወዲህ ልዩነቱ 13 ስለሆነ በዓሉ 15 ላይ ይውላል፤ የሰርቢያ የመንግሥትነት ቀንም ያኔ ነው። የእኛ የካቲት 8፣ የስምዖን በዓል፣ ከአራት ዓመት አንዴ በቀር በዚያው ቀን ይውላል። ለታሪኩ 14፣ ለበዓሉ 15 ብለው ይጻፉ።

መልስ 2
ስለ ቁጥሩ፦ ሁለቱም ነው። እስከ 1991 ድረስ ለሥራ ውጭ አገር የሄዱት ከነቤተሰባቸው የመንደሩ ነዋሪ ተብለው ይቆጠሩ ነበር። ከ2002 ጀምሮ ውጭ ከአንድ ዓመት በላይ የቆየ ሰው ከቆጠራው ወጣ። አንዲት አሮጊት ብቻዋን ቤት ትጠብቃለች፣ ልጇ ከሚስቱና ከሁለት ልጆቹ ጋር ቪየና ይኖራል እንበል፤ በድሮው ስልት አምስት ሰው፣ በአዲሱ አንድ። ማንም በዚያ ዓመት አልተሰደደም፣ ቁጥሩ ግን ወደቀ።

መፍትሔው ቀላል ነው። የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቱ የ1991ን ውጤት በአዲሱ ስልት አስልቶ አውጥቷል፤ 2002ን ከዚያ ዓምድ ጋር ብቻ ያነጻጽሩ። የቀረው ልዩነት እውነተኛ ቅነሳ ነው፤ የሚሞተው ከሚወለደው በልጧል፣ ወጣቱም ወደ ከተማ ሄዷል። አገሪቱ ራሷ፣ ኮሶቮን ሳይጨምር፣ በ2011 ከነበራት 7,186,862 ሕዝብ በ2022 ወደ 6,647,003 ወርዳለች።

ሌላው ወጥመድ ስም ነው። ኦራሻትስ የሚባሉ መንደሮች በኦብሬኖቫትስና በሌስኮቫትስ በኩልም አሉ፤ ኦፕሽቲናውን (እንደ ወረዳ ያለ አስተዳደር) ሳያዩ ቁጥር አይውሰዱ።

መልስ 3
ስለ መንደሩ የድሮ ቤተሰቦችም መጻፍ ካሰቡ የ1863ን ቆጠራ ይፈልጉ፤ የቤቱን ሰዎች በየስማቸው፣ ከዕድሜና ከንብረት ግምት ጋር ይዘረዝራል። ግን የቤተሰብ ስም እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ በየትውልዱ ይቀያየር ነበር፤ እንደ እኛ የአባት ስም፣ የፔታር ልጅ ፔትሮቪች ይባላል። በስም ብቻ ዘር ከቆጠሩ ይስታሉ።

ስለዚህ ስላቫን ያያይዙበት። ስላቫ ቤተሰቡ ከአባት ወደ ልጅ የሚያወርሰው የጻድቅ ዝክር ነው፤ ሻማ፣ ኅብስት፣ ወይንና የስንዴ ንፍሮ ይቀርብበታል። ስላቫቸው የተለያየ ሁለት ቤቶች ስማቸው ቢመሳሰልም ብዙውን ጊዜ አንድ ዘር አይደሉም። የተመሳሰለ ስላቫ ግን ማስረጃ አይሆንም፤ ቅዱስ ኒኮላስን የሚያከብር ቤተሰብ በየመንደሩ ሞልቷል።