የአግሮኖሚ ማስተርስ ፕሮፖዛሌ «ሰፍቷል» ተባለ፤ ለሐምሌ ዘር እንዴት ላድርሰው?

ቃሉ ሰብል (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። በቃሉ ወረዳ የሰብል ባለሙያ ነኝ፤ የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴ ግቢ የአግሮኖሚ ማስተርስ እየተማርኩ ኮርሱን ወደ ማገባደዱ ደርሻለሁ። ቴሲሴ ማሾ ላይ ነው። በሐርቡ በኩል በልጉ ሲጠፋ ሚያዝያ ላይ መዘራት የነበረበት ማሽላ ይቀራል፤ ገበሬው ሐምሌ እስኪገባ ጠብቆ ወይ ጤፍ ወይ ማሾ ይዘራል። ማሾ በ70 ቀን አካባቢ ይደርሳል፣ ገበያም አለው። ነገር ግን «በመስመር ስንት በስንት ልዝራው? ማዳበሪያስ ምን ያህል ይበቃዋል?» ሲሉኝ የምሰጣቸው ምክር ሌላ ቦታ ተሞክሮ የመጣ ነው። በራሳችን መሬት ላይ የተገኘ መልስ ልሰጣቸው እፈልጋለሁ።

ፕሮፖዛሉ ላይ ያስቀመጥኩት 3 ዝርያ፣ 4 የኤንፒኤስ (ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ሰልፈር ያለው ማዳበሪያ) መጠን፣ 3 የመስመር ርቀት፣ በ2 ቦታ ነው። አማካሪዬ አይተው «ሰፍቷል፣ አጥብበሽው ነይ» አሉኝ። ከየቱ ልቀንስ? ሙከራውን ገበሬ ማሳ ላይ ልሥራው ወይስ ምርምር ጣቢያ ልጠይቅ? አፈሩንስ እንዴት ላስመርምር? ሥራዬንም አልለቀቅኩም፤ በዚህ ያለፋችሁ ካላችሁ ንገሩኝ።

ድግግሞሽ

እህቴ፣ አማካሪሽ ልክ ናቸው። ቁጥሩን አብረን እናስላው። 3 ዝርያ በ4 ማዳበሪያ በ3 ርቀት 36 ትሪትመንት (የሚነጻጸር ጥምረት) ነው። በ3 ድግግሞሽ በአንድ ቦታ 108 ፕሎት (ትንሽ የሙከራ መደብ)፣ በሁለቱ ቦታ 216። ድካሙና ወጪው ብቻ አይደለም ችግሩ። ብሎክ፣ ማለትም ሁሉም ትሪትመንት አንድ አንድ ጊዜ የሚገኝበት የፕሎቶች ረድፍ፣ የምንሠራው በውስጡ ያለው መሬት ተመሳሳይ እንዲሆን ነው። 36 ፕሎት በአንድ ብሎክ ስትደረድሪ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት አፈር በኛ አገር መሬት ላይ አታገኚም። ልዩነቱ ከማዳበሪያው ይሁን ከመሬቱ መለየት ያቅትሻል።

ዝርያውን አውጪው። ገበሬው የጠየቀሽ ስለ ርቀትና ስለ ማዳበሪያ ነው፤ ስለዚህ እነዚህ ሁለቱ ይቅሩ የሚባሉ አይደሉም። ዘሩ በእጃችሁ ያለውን አንድ ዝርያ፣ ለምሳሌ ራሳን፣ ያዢና 4 በ3 አድርጊው። 12 ትሪትመንት፣ 36 ፕሎት ይሆናል። የስሕተት ዲግሪ ኦፍ ፍሪደም (የዘፈቀደ ልዩነቱን ለመገመት የሚተርፍ መረጃ) 22 ይመጣል፤ ለዚህ ሥራ ይበቃል።

ለፕሎቱ ስፋት 2.4 ሜትር በ3 ሜትር ውሰጂ። 2.4 ለ20፣ ለ30ም ለ40 ሳንቲሜትርም እኩል ይካፈላል፦ 12፣ 8 እና 6 መስመር። በፕሎቶች መካከል ግማሽ ሜትር፣ በብሎኮች መካከል 1 ሜትር መተላለፊያ ብትተዪ ጠቅላላው 34.3 ሜትር በ11 ሜትር ነው። 400 ካሬ ሜትር የማይሞላ መሬት ይበቃሻል ማለት ነው። ጉልበትና ገንዘብ ከተረፈሽ ይህንኑ ሙከራ ሁለተኛ ቦታ ላይ ድገሚው፤ ትሪትመንት ከመጨመር ይልቅ ቦታ መጨመር ለምክርሽ ክብደት ይሰጠዋል።

የጦሳ ግርጌ

ከላይ በተባለው እስማማለሁ። ማዳበሪያው ላይ ግን አንድ ነገር ልጨምር፤ ዲፌንስ (ቴሲሱን ኮሚቴ ፊት ስታቀርቢ) ላይ መጠየቅሽ አይቀርም። ኤንፒኤስ 19 በመቶ ናይትሮጅን፣ 38 በመቶ ፎስፈረስ በፒ2ኦ5 ስሌት፣ 7 በመቶ ሰልፈር አለው። መጠኑን ከ0 ወደ 150 ኪሎ በሄክታር ስታሳድጊ ሦስቱም አብረው ያድጋሉ። ምርት ሲጨምር «ፎስፈረሱ ነው የጨመረው» ብለሽ ከጻፍሽ ኮሚቴው አይለቅሽም። ርዕስሽም መደምደሚያሽም «የኤንፒኤስ መጠን» ይበል። ፎስፈረስን ለብቻው ማየት ከፈለግሽ ሌላ ማዳበሪያ፣ ቲኤስፒ፣ ያስፈልግሻል፤ ለገበሬው የሚደርሰው ኤንፒኤስ ከሆነ ግን የያዝሽው ጥያቄ ለወረዳሽ የተሻለ ነው።

ማዳበሪያውን ማሳ ላይ አትመዝኚ። ነፋስም ዝናብም አለ። ቤትሽ ቁጭ ብለሽ በግራም ሚዛን ለየፕሎቱ መዝነሽ በትንንሽ ፌስታል ቋጥሪና ቁጥሩን ጻፊበት። ለ7.2 ካሬ ሜትር 50 ኪሎ በሄክታር ማለት 36 ግራም፣ 100 ማለት 72፣ 150 ማለት 108 ግራም ነው። 72ቱን ደግሞ ለየመስመሩ ስታከፋፍዪ በ20 ሳንቲሜትሩ ፕሎት 6 ግራም፣ በ30ው 9፣ በ40ው 12 ይደርሳል። ለሠራተኛ «በትነው» ብለሽ ከተውሽው አንዱ መስመር ጠግቦ ሌላው ይራባል። ዘሩንም ማዳበሪያው እንዳይነካው መሃል ላይ ጥቂት አፈር ይግባበት።

አንጋፋ

ልጄ፣ አብሽሪ። ዕድሜዬን በሰብል ምርምር ላይ ነው ያሳለፍኩት፤ ስለ ቦታው ልንገርሽ።

የገበሬ ማሳ ውሰጂ። ጥያቄው የመጣው ከዚያ ነው፣ መልሱም የሚመለሰው ወደዚያ ነው። ከመስማማትሽ በፊት ግን ከባድ ዝናብ በጣለ ማግስት ሄደሽ ማሳውን እዪው። የሐርቡ ሜዳ ጥቁር አፈር ነው፣ ውኃ ይተኛበታል፤ ማሾ ደግሞ እግሩ ውኃ ውስጥ ሲቆም ወዲያው ቢጫ ይሆናል። ውኃ የሚያቁር ጎድጓዳ ካለ ሌላ ቦታ ፈልጊ፤ ካልተገኘም ማፋሰሻ ቦይ አውጪለት። ብሎኩን እርከን በሚሠራበት አቅጣጫ፣ ተዳፋቱን አቋርጠሽ ዘርጊው። አምና ምን እንደተዘራበት፣ ማዳበሪያ የት የት እንደወደቀ፣ ከብት የሚታሰርበት ቦታ እንደነበረ ባለቤቱን ጠይቂ። የጋጣ ቦታ የነበረ መሬት ለዓመታት ልዩ ሆኖ ይቆያል፤ በዓይን ግን አይታይም።

ከባለቤቱ ጋር የቀበሌው የግብርና ባለሙያ ባለበት በጽሑፍ ተስማሚ። የመሬቱን ግምት ምን ትሰጪዋለሽ፣ ምርቱ የማን ነው፣ አጥርና ጥበቃ የማን ነው። በተለይ አንድ ነገር አስረጂው፦ ማዳበሪያ የሌለው ፕሎት ቀጭጮ ሲያይ አዝኖ ዩሪያ ቢበትንበት ሙከራው ያበቃል። ገበሬ ሰብል ሲጎዳ ማየት አይችልም፤ በደግነት ነው የሚያደርገው።

ሀብሩ

ጋሼ እንዳይቀየሙኝ፣ እኔ ጣቢያውን ነው የምመርጠው። ሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል የወሎን ቆላ ሰብሎች ያውቃል፤ ጥበቃ አለ፣ አጥር አለ፣ መረጃ ሰብሳቢ አለ። የገበሬ ማሳ ላይ ፍየል አንድ ሌሊት ገብቶ የአንድን ሰው ቴሲስ ሲያጠፋ አይቻለሁ፤ ልጁ ዓመት ሙሉ ጠበቀ።

አንጋፋ

አልቀየምም፣ እውነትህን ነው። ነገር ግን ለዓመታት ማዳበሪያ ሲጠጣ የኖረ የጣቢያ መሬት ለተጨማሪ ኤንፒኤስ ላይመልስ ይችላል፣ ያን ጊዜ ልጅቷ «ማዳበሪያ አያስፈልግም» የሚል ውጤት ይዛ ሐርቡ ትመለሳለች። መሬቱም ከኮምቦልቻ ሩቅ ነው። መሃሉን ልያዘው፦ ማሳው ሐርቡ ይሁን፣ ከሲሪንቃ አንድ ተመራማሪ ሁለተኛ አማካሪ እንዲሆን ትምህርት ክፍሉን ጠይቂ። ለአጥሩና ለጥበቃው ገንዘብ ከሌላው ሁሉ አስቀድመሽ ያዢ።

ጥቁር አፈር

አፈሩን ከማዳበሪያ በፊት ውሰጂ። በማሳው ላይ ዚግዛግ እየሄድሽ ከ10 እስከ 15 ነጥብ፣ ከ0 እስከ 20 ሳንቲሜትር ጥልቀት፣ ሁሉንም አንድ ባልዲ ውስጥ ቀላቅለሽ 1 ኪሎ አውጪ፤ ጥላ ላይ ይድረቅ እንጂ ፀሐይ ላይ አታስጪው። ፒኤች (የአፈሩ ኮምጣጣነት መለኪያ)፣ ኦርጋኒክ ካርቦን፣ ጠቅላላ ናይትሮጅን፣ ጥቅም ላይ ሊውል የሚችል ፎስፈረስና የአፈር ሸካራነት ይበቁሻል። ፒኤቹ ከ7 በላይ ከሆነ ፎስፈረሱ በኦልሰን ዘዴ ይሠራልሽ፤ ብሬይ ለኮምጣጣ አፈር ነው። ላቦራቶሪው በየትኛው እንደሠራ አስጽፊ፣ የሁለቱ ቁጥር አይወዳደርም።

በ2014ቱ ጦርነት ከዩኒቨርሲቲው ብዙ የላቦራቶሪ ዕቃ ተዘርፏል፤ ስለዚህ ናሙናሽን ከማምጣትሽ በፊት ዛሬ የትኞቹ ምርመራዎች እንደሚሠሩ ሄደሽ ጠይቂ፣ ወረፋውንም ያዢ።

ሐረጎ ማዶ

ስለ ሥራው እኔ ልመልስ፤ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለውን ዳገት፣ ሐረጎን፣ ጠዋት ማታ እየወጣሁ እየወረድኩ ነው የተማርኩት። ይቻላል። መሥሪያ ቤትሽን የዓመት ዕረፍትሽን ለዘርና ለምርት ሳምንት እንዲያቆዩልሽ አሁኑኑ በደብዳቤ ጠይቂ። ከሐምሌ እስከ መስከረም ወረዳው ራሱ በሥራ የሚወጠርበት ጊዜ ነው፤ በቃል የተገባ ተስፋ ያን ጊዜ አይሠራም። የሙከራ ማሳሽ አንቺ በሥራ በምትሄጂበት ቀበሌ ቢሆን ደግሞ ጉብኝቱ ከሥራሽ ጋር ይገጥማል።

ይህን ለሚያነቡ ሌሎችም፦ በክረምት መርሐ ግብር አግሮኖሚ ለመማር የምታስቡ ካላችሁ አስቡበት። እናንተ ክፍል ውስጥ ስትቀመጡ ሰብሉ ማሳ ላይ ነው። በመኸር የሚዘራ ሰብል ላይ መሥራት ለሚፈልግ የቅዳሜና እሑድ ወይም መደበኛው ይሻለዋል።

ቃሉ ሰብል (ጠያቂ)

እግዜር ይስጥልኝ፣ አላህ ይጨምርላችሁ። ጋሼ፣ እርስዎ ያሉትን ማሳ የማየት ሥራ በመጀመሪያው ዝናብ እሠራለሁ። ዝርያውን አወጣሁት፤ ራሳን ይዣለሁ፣ 4 በ3፣ ሐርቡ ላይ። ሁለት ነገር ቀረኝ። ምርቱን ከየትኛው መስመር ልሰብስብ? ፕሮፖዛሉ ሰኔ ላይ ባይጸድቅስ?

ድግግሞሽ

በየጎኑ ወደ 40 ሳንቲሜትር የሚጠጋ ዳር ተዪ፦ በ20ው ሁለት ሁለት መስመር፣ በ30ውና በ40ው አንድ አንድ። ሥር ላይ ያለውን ኖዱል (ከአየር ናይትሮጅን የሚይዘውን እብጠት) ለመቁጠር ሲያብብ የምትነቅዪው ተክል ከምትመዝኚው ውስጥ አይሁን፤ ለዚሁ አንድ መስመር ለዪ። ኖዱሉን ስንጥቅ አድርገሽ እዪው፣ ውስጡ ሮዝ ከሆነ እየሠራ ነው። የሚቀርሽ በ20ው 7 መስመር፣ በ30ው 5፣ በ40ው 3 ነው፤ የሚታጨደው ስፋት በየርቀቱ ይለያያል ማለት ነው። ሁልጊዜ ምርቱን ለራሱ ስፋት አካፍዪ።

ለምሳሌ በ30ው ፕሎት ከጫፍና ከጫፍ 20 ሳንቲሜትር ስትቀንሺ 1.5 ሜትር በ2.6 ሜትር፣ 3.9 ካሬ ሜትር ነው። 520 ግራም በ13 በመቶ እርጥበት ብትመዝኚ፣ ወደ 10 በመቶ ለማምጣት በ87 አባዝተሽ ለ90 ስታካፍዪ 503 ግራም ይሆናል። ይህ በሄክታር 12.9 ኩንታል ገደማ ነው። በሙሉው 7.2 ብታካፍዪው 7 ኩንታል ይመጣልሻል፤ ብዙ ቴሲስ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ማሾ በአንድ ጊዜ ስለማይደርስ ፖዱን (ፍሬ የያዘውን ቅርፊት) ሲደርስ ሲደርስ ልቀሚ፣ የየለቀማውን ክብደት ለየብቻ ጻፊና ደምሪ። ትንተናውን በአር (R) ሶፍትዌር ሥሪው፣ ነፃ ነው።

የጦሳ ግርጌ

ለሁለተኛው፦ ዝናቡ የኮሚቴን ስብሰባ አይጠብቅም። የጠበበውን ፕሮፖዛል በዚህ ሳምንት ለአማካሪሽ አድርሺና የድኅረ ምረቃ ኮሚቴው ከግንቦት ሳያልፍ እንዲያየው በጽሑፍ ጠይቂ። ሐምሌ መጀመሪያ ከዘራሽ መስከረም አጋማሽ ላይ ምርቱ እጅሽ ላይ ነው። ነሐሴ ላይ የተዘራ ግን ሲያብብ ዝናቡ ይቆምበታል፤ እንደዚያ ከሆነ አትዝሪ። ያን ጊዜ ቦርከና ወንዝ ዳር በመስኖ መሥራት ትችያለሽ፤ ርዕሱ «በመስኖ» ተብሎ ይቀየራል፣ ምክሩም ለዝናብ ጠባቂው ገበሬ አይሆንም። ችካሉንና የፕሎት ቁጥሩን ከወዲሁ አዘጋጂ፣ ዘሩንም የመብቀል አቅሙን ፈትኚ፤ 100 ፍሬ እርጥብ ጨርቅ ላይ አድርገሽ ከ85 በታች ከበቀለ ሌላ ዘር ፈልጊ።