ለኮስፕሌይ ጥሩር፦ ኪት ይታዘዝ ወይስ ጅማ ላይ ይሠራ?

ጥያቄ፣ ከጅማ ጊንጆ ሰፈር፦
ለኮስፕሌይ (የፊልም ወይም የጌም ገጸ ባሕርይ መስሎ ለመልበስ) የተዋጊ ጥሩር እፈልጋለሁ፤ ደረት፣ ጀርባ፣ ትከሻ፣ ክንድና ቅልጥም። ኪት (ተቆርጦ የተዘጋጀ፣ ራስህ የምትገጣጥመው) ከውጭ ማስመጣት፣ በ3ዲ ማሳተም ወይስ እዚሁ በላሜራ ማሠራት ይሻላል? ፕሮግራሙ ሐምሌ ላይ ነው። ቁመቴ 1.64 ነው።

ከሂርማታ መርካቶ፦
ወንድሜ፣ ላሜራውን ከወዲሁ ተወው። 1 ሚሊ ሜትር ብረት በካሬ ሜትር 7.85 ኪሎ ይመዝናል። ግማሽ ካሬ ብቻ ብትለብስ 4 ኪሎ ገደማ ትከሻህ ላይ ተንጠልጥሎ ይውላል፤ ጠርዙም ይቆርጣል።

ኪት ከታዘዘ ከምን እንደተሠራና በምን ልክ እንደተቆረጠ ሳትጠይቅ አትክፈል። ደረቅ የኤቢኤስ ፕላስቲክ ከሆነ ጠርዙን ራስህ ትከረክማለህ። በሱፐር ግሉ አታጣብቀው፤ ሲተጣጠፍ ይሰነጠቃል። ኢ6000 የሚባለው ማጣበቂያ ይሻላል፣ ግን ከ24 እስከ 72 ሰዓት ተቆንጥጦ መቆየት አለበት። ኪቱ ፎም ከሆነ ማጥበብ ቀላል ነው፦ ከጎን ስፌቱ ቀንስ፣ አንገቱንና ብብቱን አትንካ።

የ3ዲ ሕትመት ብዙውን ጊዜ ፒኤልኤ በሚባል ፕላስቲክ ነው። ፒኤልኤ 60 ዲግሪ አካባቢ ይለሰልሳል፤ ፀሐይ ላይ በቆመ ዝግ መኪና ውስጥ ይጣመማል። ለቀበቶ ጌጥና ለዓርማ ይሁን፣ ለደረት አልመክርም።

እንደኔ፣ ኪቱን ትተህ ፓተርኑን (የመቁረጫ ልኩን) ብቻ ፈልግና በኢቫ ፎም ሥራው።

ከቦሳ ቂጦ፦
በዚህ እስማማለሁ። ፎሙ ሌላ ቦታ አይፈለግም፤ ልጆች የሚጫወቱበት፣ እንደ እንቆቅልሽ የሚገጣጠመው 60 በ60 ሴንቲ ንጣፍ ራሱ ነው። የፍራሽ ስፖንጅ ግን አይሆንም፤ ቀለምና ማስቲሽ ይጠጣል፣ ቅርጽም አይዝም። ከመግዛትህ በፊት ጥፍርህን ጫን አድርገህ ልቀቀው። ጉድጓዱ እዚያው ከቀረ ፎሙ ልል ነው፤ ክንድህ በር ሲነካ ጥሩሩም እንደዚያው ይሰረጎዳል። ለጠየቅከው ሁሉ ከ6 እስከ 8 ንጣፍ ያዝ፣ 10 ሚሊ ውፍረት ያለውን። ለጌጡ 2 ወይም 3 ሚሊ ይበቃል።

ፓተርን ካላገኘህ ሰውነትህን በስስ ላስቲክ ጠቅልል፣ በላዩ ፕላስተር ለጥፍ፣ መስመሩን በማርከር ሥራና ቆርጠህ አውጣው። ያንን ወደ ካርቶን ገልብጥ። ካተሩን ቀጥ አድርገህ ያዝ፣ የደነዘውን የምላጭ ጫፍም ቶሎ ቶሎ ሰብረህ ጣል፤ የደነዘ ምላጭ ፎሙን ይበጣጥሰዋል እንጂ አይቆርጠውም። ሸካራው የንጣፉ ገጽ ወደ ውስጥ ይሁን።

ከዚያ ሙቀት። የፀጉር ቤት ፎን ለ10 ሚሊ አይበቃም፣ ሂት ገን የሚባለው የጋለ አየር ማንፈሻ ያስፈልጋል። ከ10 እስከ 15 ሴንቲ አርቀህ ሳታቆም አንቀሳቅስ። ደብዛዛው ገጽ ሲያብለጨልጭ በቅቷል፤ ወዲያው ጉልበትህ ላይ አጉብጠህ እስኪቀዘቅዝ ያዘው። አንድ ቦታ ላይ ከቆምክ ይኮማተራል። ቅርጹ ከማጣበቅ በፊት ይውጣ።

ማስቲሹን ጫማ ሠሪዎች የሚጠቀሙበትን ግዛ። ሁለቱንም ጠርዝ ቀባ፣ በጣትህ ስትነካው የማይከተልህ እስኪሆን ጠብቅ፣ ከዚያ ግጠም። አንዴ ከነካ አይስተካከልም፤ ስለዚህ ከመሐል ጀምረህ ወደ ዳር ሂድ። መስኮት ክፈት፣ ሽታው ጤና ይጎዳል፣ እሳትም አይቅረበው።

ከመንደራ ቆጪ፦
ሐምሌ ያልከው ነገሩን ይለውጠዋል። ማስቲሹ ሲተን ገጹን ያቀዘቅዘዋል፤ በእርጥብ አየር ደግሞ በላዩ ላይ ጤዛ ይይዛል። የደረቀ ይመስላል፣ ሲገጠም ግን አይይዝም። ዝናብ ሲዘንብ አትለጥፍ፤ ገጹ ነጭ ነጭ ካለብህ ጠብቀህ ደግመህ ቀባ።

ብዙዎች ፎሙን በነጩ የእንጨት ኮላ ይሸፍናሉ፦ መጀመሪያ በውሃ እኩል በእኩል አቅጥነህ አንድ ጊዜ፣ ከዚያ ወፈር አድርገህ ሦስት ጊዜ። ጥሩ ነው፣ ግን ኮላው ውሃ ሲነካው መልሶ ይለሰልሳል። የጅማን ዝናብ እንዲችል ከቀለሙ በላይ ውሃ የማያስገባ ቨርኒሽ ያስፈልገዋል። የሚተጣጠፍበት ቦታ ላይ ኮላውን አሳሳ፤ ከወፈረ ይሰነጠቃል። ጥቁር ቀብተህ ሲደርቅ ብርማውን በደረቅ ብሩሽ ጠርዙ ላይ ብቻ አሻሽ፤ ብረት የሚያስመስለው ያ ነው።

ማሰሪያውን ለቦርሳ ሰፊ ስጠው፦ 25 ሚሊ ጥብጣብ ከፕላስቲክ ዘለበት ጋር። ጀርባው ሙጫ ያለው ቬልክሮ በላብ ይላቀቃል። ጥብጣቡን በማስቲሽ ከለጠፍክ በኋላ በላዩ 5 በ5 ሴንቲ የፎም ቁራጭ ድረብበት።