የሚከራይ ቤት ዓመታዊ የጋዝ ፍተሻ፦ ኤጀንቱ የጠየቀኝ ዋጋ ተገቢ ነው?

ጥያቄ (አከራይ፣ ከአዲስ አበባ)

ጤና ይስጥልኝ። ደቡብ ለንደን ውስጥ ባለ ሁለት መኝታ አፓርትመንት አለኝ፤ ጠቅልዬ ወደ አገሬ ከተመለስኩ ወዲህ በአንድ ኤጀንት በኩል አከራየዋለሁ። ቤቱ ውስጥ ቦይለር፣ የጋዝ ምድጃ፣ እንዲሁም ሳሎኑ ግድግዳ ላይ የተገጠመ አሮጌ የጋዝ ማሞቂያ አለ፤ ሦስቱም የእኔ ንብረቶች ናቸው። ሰሞኑን ኤጀንቱ ዓመታዊው የጋዝ ደኅንነት ፍተሻ መድረሱን አስታውቆ 168 ፓውንድ ከኪራዩ ላይ እንደሚቀንስ ጻፈልኝ። እዚያው ለንደን የሚኖረው የወንድሜ ልጅ ደግሞ በ45 ፓውንድ እንሠራለን የሚሉ ማስታወቂያዎችን ልኮልኝ «አክስቴ፣ እየተበላሽ ነው» ይለኛል። እኔ እዚህ ሲሊንደር ሲቀየር መጋጠሚያውን የሳሙና አረፋ ቀብቶ ከማየት ያለፈ የጋዝ ፍተሻ ስለማላውቅ፣ በሁለቱ ዋጋዎች መካከል ያለው ልዩነት ከምን እንደሚመጣ ልረዳው አልቻልኩም።

በተጨማሪም ተከራዩ የሌሊት ፈረቃ ሠራተኛ በመሆኑ ቀን ቀን ይተኛል፤ ከዚህ በፊትም ለባለሙያ በሩን ሳይከፍት ቀርቷል። እንዲህ ሲሆን ለሚባክነው ክፍያ ተጠያቂው ማን ነው? የፍተሻውን ወጪ በከፊልም ቢሆን ለተከራዩ ማካፈልስ ይፈቀዳል? የምታውቁ ብታስረዱኝ አመሰግናለሁ።

መልስ (የጋዝ ባለሙያ፣ ከበርሚንግሃም)

እህታችን፣ የፍተሻውን ዋጋ የሚወስን ሕግም ሆነ መሥሪያ ቤት የለም፤ እያንዳንዱ ባለሙያ የራሱን ይጠይቃል። ቦይለርና ምድጃ ብቻ ላለው ቤት በአብዛኛው ከ60 እስከ 90 ፓውንድ ይከፈላል። ለንደን ላይ የመኪና ማቆሚያውና የመንገዱ ክፍያ ስለሚታከልበት 100 ቢሞላ ወይም ትንሽ ቢያልፍ የሚያስገርም አይደለም። ከሁለት በላይ ለሆነ ለእያንዳንዱ መሣሪያ ደግሞ 10 ወይም 15 ፓውንድ ያህል ይጨመራል። የ45 ፓውንዱ ማስታወቂያ ብዙውን ጊዜ የአንድ መሣሪያ መነሻ ዋጋ ነው፤ ቤት ከደረሱ በኋላ በየመሣሪያው ሲደመርበት ከሌላው ዋጋ ጋር ይቀራረባል። ሦስቱንም መሣሪያ በእውነት በ45 ፓውንድ እፈትሻለሁ የሚል ካለ ግን እኔ ለራሴ ቤት አልጠራውም፤ ምክንያቱም ሥራው በአግባቡ ከተሠራ የሚወስደው ጊዜ በዚያ ዋጋ አያዋጣም።

የሚሠራውን ባጭሩ ልግለጽ። መጀመሪያ ቆጣሪው ላይ የግፊት መለኪያ ይገጠምና መስመሩ እስከ 20 ሚሊባር ድረስ ጋዝ ተሞልቶ ይዘጋል፤ አንድ ደቂቃ እስኪረጋጋ ተጠብቆ ቀጥሎ ባሉት ሁለት ደቂቃዎች ግፊቱ መውረድ አለመውረዱ ይታያል። ከዚያ በየመሣሪያው ጋዙ የሚደርስበት ግፊት ወይም የሚቃጠለው የጋዝ መጠን፣ የጢስ ማውጫው አሠራር፣ የአየር መግቢያው ስፋት፣ እንዲሁም እሳቱ ሲጠፋ ጋዙን የሚቆርጠው መሣሪያ ይፈተሻል። በቤትዎ ጊዜ የሚፈጀው አሮጌው ማሞቂያ ነው። ከግድግዳው ተነቅሎ ከኋላው ያለው ክፍተት ፍርስራሽ እንዳልሞላው ይታያል፤ ጢስ የሚያወጣ እንክብል ተለኩሶ ጢሱ ሙሉ በሙሉ ወደ ላይ መውጣቱ ይረጋገጣል፤ ተመልሶ ከተገጠመ በኋላም በርና መስኮት ተዘግቶ እሳቱ ጥቂት ደቂቃ ሲነድ የተቃጠለው አየር ወደ ክፍሉ መመለስ አለመመለሱ በጢስ ክብሪት ይሞከራል። ችኮላ የሚበዛበት ሰው መጀመሪያ የሚዘለው ይህንን ነው፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው ሽታ የሌለው መርዛማ ጋዝ ወደ መኖሪያ ክፍል የሚገባውም አብዛኛውን ጊዜ ጢስ ማውጫው ሲደፈን ስለሆነ መዘለሉ ቀላል ነገር አይደለም።

ተከራዩ ማሞቂያውን የማይጠቀምበት ከሆነ ከመስመሩ ተነጥሎ ቧንቧው እንዲደፈን ያድርጉ። ከጋዝ መስመር ጋር ተያይዞ እስካለ ድረስ ባይነድም በየዓመቱ መፈተሽ አለበት፤ ከተነጠለ ግን ከነወጪው ከዝርዝሩ ይወጣል።

የሚላከው ሰው በጋዝ ሴፍ፣ ማለትም በጋዝ ላይ ለመሥራት የተፈቀደላቸው ባለሙያዎች በሚገኙበት መዝገብ፣ የሰፈረ መሆን አለበት። ይህ መዝገብ በኤፕሪል 2009 ኮርጊ የተባለውን የቀድሞ መዝገብ የተካ ሲሆን፣ ከፍተሻው በኋላ የሚሰጠው ወረቀት ሲፒ 12 የሚባልበት መጠሪያ ከኮርጊ ዘመን የቀረ ነው። የመታወቂያውን ፊት ብቻ አይመልከቱ፤ ጀርባው ላይ ባለሙያው የትኞቹን መሣሪያዎች ለመሥራት ብቃት እንዳለው ተዘርዝሯል። ቦይለርና ምድጃ ተጽፎለት የግድግዳ ማሞቂያ ያልተጻፈለት ባለሙያ ብዙ ነው። አዲስ አበባ ሆነውም የፈቃድ ቁጥሩን ጠይቀው በመዝገቡ ድረ ገጽ ላይ ማረጋገጥ ይችላሉ።

መልስ (አከራይ፣ ከማንቸስተር)

ከላይ በተሰጠው መልስ እስማማለሁ፤ ነገር ግን 168 ፓውንዱን ቅሚያ ነው ከማለትዎ በፊት ምን እንደተካተተበት በጽሑፍ ይጠይቁ። ኤጀንቶች ብዙ ጊዜ ፍተሻውን ከቦይለር ሰርቪስ ጋር አንድ ላይ ያዝዛሉ። ሁለቱ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ ፍተሻው መሣሪያው አደገኛ አለመሆኑን ሲያረጋግጥ፣ ሰርቪሱ ቦይለሩ ተከፍቶ የሚጸዳበትና የሚስተካከልበት ነው። የ1998ቱ የጋዝ ደኅንነት ደንብ፣ አንቀጽ 36፣ አከራይ በየ12 ወሩ እንዲያስፈትሽ ብቻ ሳይሆን መሣሪያዎቹንና ቧንቧዎቹን በደኅና ሁኔታ እንዲይዝም ስለሚያስገድድ፣ ሰርቪሱም ከንቱ ወጪ አይደለም። ሁለቱ አንድ ላይ ከሆኑ ለሦስት መሣሪያ የተጠየቁት ዋጋ ለንደን ላይ ውድ እንጂ ከልክ ያለፈ አይባልም። ፍተሻው ብቻ ከሆነ ግን ከባለሙያው ዋጋ በላይ ኤጀንቱ የራሱን ጨምሯል ማለት ነው፤ የባለሙያውን ደረሰኝ አሳየኝ ይበሉት።

እኔ ራሴ ባለሙያ ፈልጌ የማስፈትሸው ቤቱ አሥር ደቂቃ መንገድ ላይ ስለሆነ ነው። እርስዎ ግን ባሕር ማዶ ስላሉ ቁልፍ የሚይዝ፣ ቀጠሮ የሚያስተካክል፣ ወረቀቱንም ለተከራዩ የሚያደርስ ሰው ያስፈልግዎታል፤ ለዚህ አገልግሎት 20 ወይም 30 ፓውንድ መክፈል አይቆጭም። ዳሩ ግን በሕግ ፊት ኃላፊነቱ ከእርስዎ ላይ ስለማይወርድ፣ ፍተሻውን ማስፈጸም የኤጀንቱ ሥራ መሆኑ በውላችሁ ላይ በግልጽ መስፈሩን ይመልከቱ። ደንቡን መጣስ በወንጀል የሚያስከስስ ሲሆን ቅጣቱም ጣሪያ የሌለው የገንዘብ መቀጮና እስራት ሊሆን ይችላል።

ወረቀቱ ፍተሻው በተደረገ በ28 ቀናት ውስጥ ለነባሩ ተከራይ መሰጠት አለበት፤ ለአዲስ ተከራይ ግን ቤቱ ከመግባቱ በፊት ነው። ተከራዩ ከተስማማና ማተም የሚችል ከሆነ በኢሜይል መላክ ይበቃል። አንዳንድ አከራዮች፣ ያለ ምክንያት ተከራይን ማስወጣት የሚያስችለው ሴክሽን 21 ከሜይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ በእንግሊዝ እንዲቀር ሕግ ስለወጣ፣ የጋዝ ወረቀቱም አብሮ የሚቀር መስሏቸዋል። ግዴታው የመጣው ከ1998ቱ ደንብ ስለሆነ ሁለቱ አይገናኙም።

መልስ (ተከራይ፣ ከለንደን)

እኔ ከሌላው ወገን ልናገር፤ ሌሊት የምሠራ ነርስ ነኝና የእርስዎን ተከራይ ሁኔታ አውቀዋለሁ። «ማክሰኞ ከጠዋቱ 8 እስከ ከሰዓት በኋላ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ባለሙያ ይመጣል» የሚል መልእክት ሲደርሰኝ በሩን ላለመክፈት አስቤ ሳይሆን፣ አሥር ሰዓት ሙሉ ሳልተኛ መጠበቅ ስለማልችል ነው ቀጠሮው የሚያልፈኝ። ኤጀንቱ ለተከራዩ ከፈረቃው በፊት ወይም በዕረፍቱ ቀን የሁለት ሰዓት ጠባብ ቀጠሮ ቢሰጠው ነገሩ እዚያው ያልቃል ብዬ አምናለሁ። ማስታወቂያውም ቢያንስ ከ24 ሰዓት በፊት በጽሑፍ መድረስ አለበት፤ ከዚያ በላይ ጊዜ ቢሰጥ ደግሞ የበለጠ ጨዋነት ነው። የሚመጣውን ሰው ስምና የፈቃድ ቁጥር አብሮ መላክም ይረዳል፤ ማንነቱን የማላውቀውን ሰው በእንቅልፍ ልብ ቤቴ አላስገባም።

ተከራዩ ይህ ሁሉ ተደርጎለትም እምቢ ካለ፣ በጉልበት መግባት እንደማይፈቀድ ይወቁ። የጤናና ደኅንነት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ከአከራይ የሚጠብቀው ተገቢውን ጥረት ሁሉ ማድረጉን ነው፤ ስለዚህ ደብዳቤዎቹን፣ የቀጠሮ ቀኖቹን፣ ባለሙያው በር ላይ ደርሶ ስለመመለሱ ትቶት የሄደውን ማስታወሻ አንድ ላይ ያስቀምጡ፤ ሙከራውም ተደጋጋሚ ይሁን። ስለ ወጪው፣ በእንግሊዝ ከጁን 1 ቀን 2019 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የተከራዮች ክፍያ ሕግ አከራይ ከተከራይ ሊቀበል የሚችላቸውን ክፍያዎች ለይቶ ያስቀመጠ ሲሆን፣ የጋዝ ፍተሻ ከእነርሱ ውስጥ የለም። ስለዚህ ለተከራዩ ማካፈል አይቻልም።

መልስ (ሒሳብ ሠራተኛ፣ ከሌስተር)

168 ፓውንድ ማለት 140 ፓውንድና 20 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ነው፤ ቁጥሩ ልክ ስለሚገጥም ይህንን ሳይሆን አይቀርም። ብቻቸውን የሚሠሩ የጋዝ ባለሙያዎች ብዙዎቹ ዓመታዊ ሽያጫቸው ከ90,000 ፓውንድ በታች ስለሆነ ለዚህ ታክስ አይመዘገቡም፤ በቀጥታ ቢቀጥሯቸው ይህ ጭማሪ አይኖርም። ለቤት ኪራይ የማይመዘገብ አከራይ ደግሞ የከፈለውን ታክስ መልሶ መጠየቅ ስለማይችል 28 ፓውንዱ የእርስዎ ወጪ ሆኖ ይቀራል።

የፍተሻውም ሆነ የሰርቪሱ ክፍያ ከኪራይ ገቢ ላይ የሚቀነስ ወጪ ነው። እርስዎ ከእንግሊዝ ውጭ ስለሚኖሩ፣ ኪራዩን በሙሉ እንዲቀበሉ የግብር መሥሪያ ቤቱ ፈቃድ ካልሰጠዎት በስተቀር ኤጀንቱ 20 በመቶ ግብር ይዞ ማስቀረት አለበት። ግብሩን የሚያሰላውም የከፈላቸው ተቀናሽ ወጪዎች ከተነሡ በኋላ በሚቀረው ገንዘብ ላይ ነው፤ የሩብ ዓመቱ መግለጫ ላይ የጋዝ ፍተሻው ሳይቀነስ ግብር ተቆርጦ ካዩ ያስተካክሉት። ደረሰኙ በእርስዎ ስምና በቤቱ አድራሻ ይሁን።

ጠያቂዋ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ኤጀንቱን ጠይቄው ሰርቪሱ እንዳልተካተተ፣ ከ140ው ፓውንድ ውስጥ 45ቱ የእርሱ «የማስተባበሪያ ክፍያ» እንደሆነ ነገረኝ፤ ሰርቪሱን በዚያው ዋጋ እንዲጨምርልኝ እየተነጋገርን ነው። ተከራዩም ማሞቂያውን አንድም ቀን እንዳላበራው ስለነገረን እናስነቅለዋለን። አንድ ነገር ቀረኝ፦ ያለፈው ወረቀት ጁን 20 ቀን የተጻፈ ሲሆን ኤጀንቱ ኤፕሪል 6 ቀን ቀጠሮ ይዟል። ቀድሞ መሠራቱ ያጎድልብኛል?

መልስ (የጋዝ ባለሙያ፣ ከበርሚንግሃም)

ያጎድልብዎታል። ከኤፕሪል 2018 ጀምሮ በሚሠራበት ማሻሻያ መሠረት ፍተሻው ካለፈው በኋላ በ10ኛውና በ12ኛው ወር መካከል ከተደረገ የመጨረሻው ቀን ባለበት ይጸናል፤ ማለትም ከኤፕሪል 20 በኋላ በማናቸውም ቀን ቢፈተሽ ቀጣዩ ቀነ ገደብ የሚቀጥለው ዓመት ጁን 20 ነው። ኤፕሪል 6 ግን ገና አሥር ወር ስለማይሞላ ቆጠራው ከዚያ ቀን ይጀምርና የሁለት ወር ተኩል ያህል ጊዜ ያጣሉ። ቀጠሮው ወደ ኤፕሪል መጨረሻ እንዲዛወር ያድርጉ፤ የመጀመሪያው ቀን ቢከሽፍ እንኳ ተከራዩ በሚመቸው ሌላ ቀን ለመድገም ሰፊ ጊዜ ይኖርዎታል። ቀኑ የተጠበቀልዎት መሆኑን ለማስረዳት የቀድሞዎቹን ወረቀቶች ስለሚጠየቁ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ፍተሻዎች እስኪደረጉ ድረስ አይጣሉ።

ማሞቂያው የሚነቀለው በዚያው ቀን ከፍተሻው በፊት ይሁን፤ ባለሙያው ሁለት ጊዜ እንዳይመላለስ ሲይዙት አስቀድመው ይንገሩት። ሳሎኑ ውስጥ ሌላ የሚነድ መሣሪያ ስለማይኖር የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ መሣሪያው ቦይለሩ ወዳለበት ክፍል ይዛወር፤ ክፍሉ ለመኖሪያነት የሚያገለግል ከሆነ ከኦክቶበር 2022 ጀምሮ በእንግሊዝ ግዴታ ነው። ተከራዩም የጋዝ ሽታ ከሸተተው ቆጣሪውን ዘግቶ፣ መስኮት ከፍቶ፣ ወደ 0800 111 999 እንዲደውል ቁጥሩን ቆጣሪው አጠገብ ይለጠፍለት።