ኢኤል 84 ወይስ ኢኤል 34? እባካችሁ ገላግሉኝ

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ፣ ከባሕር ዳር ነው የምጽፈው። በቫልቭ (በድሮው የመስታወት ቱቦ) የሚሠራ ፑሽ ፑል አምፕሊፋየር፣ ማለትም ሁለት ቫልቮች እየተጋገዙ ድምፅ የሚያጎሉበት፣ ራሴ ልገጣጥም ተነስቼ ኪት (ተፈታትቶ የሚሸጥ ሙሉ ዕቃ) ምርጫው ላይ ተገትሬ ቀረሁ።

ሁለት ናቸው ያማለሉኝ። አንዱ ኢኤል 84 በሚባለው ትንሽ ቫልቭ የሚሠራ፣ በቻናል 15 ዋት ገደማ። ሌላው የድሮው ዳይናኮ ስቴሪዮ 70 አምፕሊፋየር ንድፍ፤ ተለቅ ባለው ኢኤል 34 ቫልቭ የሚሠራ፣ በቻናል 35 ዋት። ሳሎኔ 4 በ5 ሜትር ናት፣ የማዳምጠውም ማሲንቆ ነው። 35 ዋት ምን ያደርግልኛል? ግን ስፒከሬ በአንድ ዋት የሚያወጣው ድምፅ 86 ዲቢ (ዴሲቤል) ብቻ ስለሆነ ትንሹ እንዳያንሰው ፈራሁ።

ዋናው ጭንቀቴ ግን ፓወር ትራንስፎርመሩ ነው። የትልቁ ለ120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ የተሠራ ነው። የእኛ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ። ቮልቴጁን በስቴፕ ዳውን ባወርደው እንኳ ኸርዙ ያው 50 ነው፤ ብረቱ ከልክ በላይ አይግልም? ወይስ የ220 ጥምጥም ያለው ካልሆነ በቃ ልተወው? መብራቱ ከፍ ዝቅ ሲልስ ስታቢላይዘር ይበቃዋል?

ደግሞ ውስጡ ከ400 ቮልት በላይ አለ። ባለፈው ከሶኬት የተነቀለ የአሮጌ ሬዲዮ ካፓሲተር ነክሶኝ ክንዴ ሲንዘረዘር አመሸ። ካፓሲተሩን በምን ሬዚስተር ላራግፈው? የገጠማችሁ ካላችሁ ንገሩኝ፣ ብሩን ገና አልላክሁም።